የድልድዩ ዘበኛ ይመታል

የጥርስ ሐኪሟ ባል እንጀራው ያን ያህል የሚያስጨንቅ አልነበረም። በአንድ የመድን ድርጅት ተቀጥሮ የተጋጩ መኪናዎችን ያያል። መከላከያው የተጨረማመተውን፣ መብራቱ የረገፈውን ጎንበስ ብሎ ይመረምርና የትኛው መኪና እንደመታ፣ የትኛው እንደተመታ ይወስናል። ለዚህ የሚፈጅበት ጊዜ ሻይ እንኳ አያስጠጣም። ይኸው ሰውዬ ቤቱ ሲገባ ግን አንድ የቪዲዮ ጌም ውስጥ ባለ ድንጋይ ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል የምትናገረው ስለ መምታት ይሁን ስለ መመታት ለመለየት ዓመታት ፈጅቶ ገና አልጨረሰም ነበር።

ጌሙ «የአመድ ወንዝ» ይባላል። ሁለት ክፍል ወጥቶ ሦስተኛው እየተጠበቀ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ንጉሡ ከነከተማው በተቃጠለበት አገር ነው። በወንዙ የሚፈሰው ውሃ ሳይሆን አመድ ነው። በወንዙ ላይ አሮጌ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ አፍ ላይ ደግሞ አንድ ድንጋይ ቆሟል። ድንጋዩ ላይ እንዲህ የሚል ትንቢት ተቀርጿል፦

«ወንዙ ወደ ምንጩ ሲመለስ፣
ድልድዩ ላይ የቀረው ዘበኛ ይመታል፤
ከዚያ ወዲያ በአመድ ላይ የሚነግሥ የለም።»

ሰዉን ያመሰችው «ይመታል» የምትለዋ ቃል ናት። ላልታ ከተነበበች ዘበኛው ጦሩን አንሥቶ በሚመጣው ሰው ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። ጠብቃ ከተነበበች ግን ጦሩ የሚያርፈው በራሱ በዘበኛው ላይ ነው። ድንጋይ ደግሞ አያጠብቅም፣ አያላላም፤ የተጻፈበትን ይዞ ዝም ነው። በዚህ የተነሣ የጌሙ ወዳጆች ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዶቹ «ላሎች» ተባሉ፣ ሌሎቹ «ጥብቆች»። የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ደመወዝና ትዳር ያላቸው፣ ፀጉራቸው መሳሳት የጀመረ ሰዎች ናቸው በዚህ የተኳረፉት።

የጥብቆቹ አለቃ የሐኪሟ ባል ነበር። ተከታዮቹ «ሊቁ» ይሉታል። እሱ «ኧረ ተዉ፣ ይኼ ለኔ አይገባኝም» እያለ ስሙን ከቪዲዮ ቻናሉ አናት ላይ በትልቁ አስጽፎታል። ቪዲዮ የሚቀርጸው መኝታ ቤት ውስጥ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ የራስጌውን መብራት ከአገጩ ሥር አስቀምጦ ነው። ድምፁን ከሆዱ ያወጣና «ወገኖቼ፣ ድንጋዩ ይናገራል፤ ችግሩ ሰሚ መጥፋቱ ነው» ብሎ ይጀምራል። ሐኪሟ ሳሎን ሆና በግድግዳው ውስጥ ትሰማዋለች። ቀኑን ሙሉ የበሰበሰ መንጋጋ ስትነቅል የማይዘገንናት ሴት ያን ድምፅ ስትሰማ ጥርሷን ያፋጫታል።

ስለ ላሎቹ አለቃም የተሻለ ነገር አታስብም። እሱ «ላላው» ይባላል፤ በስልክ እንኳ ቤት የሚያናውጥ ጎርናና ድምፅ አለው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው የሚቀርጸው፤ ከጀርባው ያልታጠበ ድስት ይታያል። ሊቁ የላላውን ቪዲዮ ሳያይ አይውልም። ያያል፣ ይገነፍላል፣ መልስ ይቀርጻል። ላላውም የሱን ያያል፣ ይገነፍላል፣ መልስ ይቀርጻል። «ተጋብታችሁ ብትገላገሉ ምን አለ» ብላው ታውቃለች፤ አልሳቀላትም።

ተከታዮቹ የማያውቁት፣ ሐኪሟና አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ብቻ የሚያውቁት ነገር ግን ነበር። ሊቁ ጌሙን መጫወት ካቆመ ቆይቷል። ክፍል ሁለት ላይ አንድ ረግረግ አለ፤ ረግረጉ ውስጥ ብዙ እግር ያላት አውሬ ትኖራለች። ሊቁ በገባ ቁጥር በላችው። ሲደጋገምበት ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ፣ «የኔ ሥራ መተርጎም እንጂ መሮጥ አይደለም» አለ። ትርጓሜው ግን አዳዲስ ድንጋይ ይፈልጋል፤ አዳዲስ ድንጋይ ደግሞ ከረግረጉ ማዶ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሚስቱን «እስኪ አንዴ ያዥልኝ» አላት። ያዘች። አውሬዋን በዚያው ከሰዓት ገደለቻት። ከዚያ ወዲህ የምትጫወተው እሷ ናት፤ ሊቁ ከጀርባዋ ቆሞ «እዚህ ጋ ቁሚ፣ ግድግዳውን አሳዪኝ» እያለ በስልኩ ይቀርጻል። እሷም ባትናገረውም እየወደደችው መጣች። ቃሉን ሳይሆን መንገዱን፣ አመዱ ላይ የሚቀረውን ዱካ፣ ባዶዎቹን ቤቶች።

አማቷ ጉልበታቸውን ታመው ልጃቸው ቤት ከመጡ ወዲህ ከሶፋው ጥግ አይጠፉም። እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ጌሙን እንደ ተከታታይ ድራማ ያዩታል። አንድ ቀን ሊቁ ትንቢቱን ሊያስረዳቸው ተነሣ።

«ታዲያ ዘበኛው ይመታል?» አሉት ሰምተው ሲጨርሱ።

«አይደለም እማዬ፣ ይመታል» አለ ሊቁ።

«እኔስ ምን አልኩህ? ይመታል ነው ያልኩት እኮ።»

«አንቺ ያልሽው ይመታል ነው። እኔ የምለው ደግሞ ይመታል ነው።»

አማቷ ልጃቸውን ትንሽ አዩትና ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ይኼ ልጅ ምሳውን በልቷል?» አሏት። ሐኪሟ ሳቋን ለማፈን ወጥ ቤት መግባት ነበረባት።

ክፍል ሦስት ሊወጣ ሲል ጌሙን የሚሠራው ኩባንያ ለማስታወቂያ የሚሆን አንድ ነገር አሰበ። ሊቁንና ላላውን በትልቅ ሲኒማ ቤት መድረክ ላይ ሊያከራክራቸው ፈለገ። ለሁለቱም ጌሙን አስቀድሞ ላከላቸውና «ጨርሳችሁ ኑ» አላቸው። ሊቁ ፖስታውን ከፈተ። ከዚያ ሚስቱን አየት አደረጋት።

«ቅዳሜና እሑድ ክሊኒክ አትገቢም አይደል?»

«አንተስ የት ነህ?»

«እኔ መዘጋጀት አለብኝ» አለ። ደግሞም አላፈረም።

ሐኪሟ ጌሙን ጀምራ ገና መንገድ ላይ ሳለች፣ በሥራ ቀን አንድ ሰው ጉንጩን በመሐረብ ይዞ ክሊኒኳ ገባ። «እንደምን ዋሉ ዶክተር» ሲላት ያ በግድግዳ ውስጥ ስትሰማው የኖረችው ጎርናና ድምፅ ከፊቷ ቆመ። ላላው ነው። እሱ አላወቃትም፤ ከየት ያውቃታል። ወንበሩ ላይ አስተኛችው፣ አፉን አስከፈተችው። የታችኛው መንጋጋው መግል ይዟል።

«መነቀል አለበት» አለችው።

«ይነቀል፣ ግን እንዳያኮላትፈኝ» አለ። «በሚቀጥለው ሳምንት መድረክ አለብኝ። ነገር ከማይገባው አንድ የመኪና ገማች ጋር ነው የምከራከረው። በአደባባይ ነው የማራግፈው።»

ሐኪሟ ማደንዘዣውን ወጋችው። ከወትሮው ትንሽ ጠንከር ሳታደርገው አልቀረችም። እስኪደነዝዝ ሲጠባበቁ፣ «ስለ ምንድን ነው ክርክሩ?» አለችው እንደማያውቅ ሰው። ላላው በደነዘዘ ከንፈሩ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ማላላት ነገራት። ባሏ የሚለውን ሁሉ፣ ገልብጦ። እጁን የሚያወናጭፈው እንኳ እንደሱ ነው።

«ጌሙን ጨርሰውታል ማለት ነው?» አለችው።

ላላው ጣሪያውን አየ። «ሐኪም መቼም ምስጢር ይጠብቃል» አለ። «እውነቱን ልንገርዎት? እኔ ረግረጉ ላይ ነው የቀረሁት። ያች አውሬ አላሳልፍ አለችኝ። የሚጫወቱልኝ አማቼ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ጎበዝ ናቸው። እኔ ትንታኔው ላይ ነው ያለሁት።»

ሐኪሟ አፉን በጥጥ ሞላችውና ጥርሱን ነቀለችው። ሰውዬው ሲወጣ በሩን ዘግታ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቁ ለቀቃት። እነዚያ ሁሉ ሺህ ሰዎች በየቀኑ እየተሰዳደቡ ያሉት፣ ከአንድ ረግረግ ያልወጡ ሁለት ወንዶች ወዲህና ወዲያ ሆነው በሚነፉት ጡሩምባ ነው። ለባሏ አልነገረችውም። የበሽተኛ ነገር ነው፤ ደግሞም ቢሰማ ደስታውን አትችለውም ነበር።

ድልድዩ ጋ የደረሰችው እሑድ ከሰዓት ነው። ሊቁ መኝታ ቤት ንግግሩን ይለማመዳል። አማቷ ከጎኗ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አመዱ ቆመና ቀስ ብሎ ሽቅብ መፍሰስ ጀመረ። አብረዋት የነበሩት ወታደሮች አንድ በአንድ ጥለው ሄዱ። ድልድዩ ላይ የቀረው ዘበኛ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እሷ ራሷ የምታንቀሳቅሰው ሰው ነበር። ከማዶ አንዲት ሴት ትልቅ ዙፋን በገመድ እየጎተተች መጣች። ብቻዋን ናት። እግሯ ባዶ ነው። ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ ቆመችና፣ «ደክሞኛል፤ አሳልፈኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ጌሙ ምንም አልተናገረም። ይህን አድርጊ የሚል ጽሑፍ አልመጣም። ጦሩ በዘበኛው እጅ ነው።

ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ የለመደችውን አደረገች፤ መታች። ሴትየዋ ወደቀች፣ ዙፋኑ ወንዙ ውስጥ ገባ፣ አመዱ ረጋ። በአመድ ላይ የሚነግሥ የለም።

«ምን አደረገችሽ?» አሉ አማቷ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የጠየቁት እንደው ለማወቅ ነው።

ሐኪሟ ደህና የተቀመጠ ሰው ገፍትራ እንደጣለች ያህል ፊቷ ጋለ። ወደ ኋላ መልሳ ከድልድዩ ጀመረች። አሁን ሴትየዋ «አሳልፈኝ» ስትል ሐኪሟ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሴትየዋ ጠበቀች። ዘበኛው ጦሩን ይዞ ከመንገዱ አልወጣም፤ ሴትየዋም ዙፋኑን አልለቀቀችም። በመጨረሻ ከወገቧ ቢላ አወጣችና ወጋችው። ዘበኛው ሲወድቅ ራሱን ደግፋ አስተኛችው። ድልድዩን ተሻግራ ዙፋኑን ከማዶ ወደ ወንዙ ገፈተረችው። አመዱ ረጋ። በአመድ ላይ የሚነግሥ የለም።

አማቷ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ከመኝታ ቤቱ «ወገኖቼ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሲወጣ ነገረችው። «ሁለቱም ነው» አለችው። «ብትፈልግ ትመታለህ፣ ካልፈለግህ ትመታለህ። ሁለቱም ይሆናል።»

ሊቁ ቆሞ አሰበ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ ስሌት፣ ቀጥሎ እፎይታ ሲያልፍ አየችው። «ሁለቱም ሊሆን አይችልም» አለ። «አንዱ እውነተኛው መጨረሻ ነው፤ ሌላው ያልገባው ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ነው። እኔ የማውቀው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን አላየሽውም፣ እሺ?»

«ሴትየዋን አታያትም? ላሳይህ?»

«ጊዜ የለኝም» አለ። «ይልቅ የክርክሩ ቀን ፊት ለፊት ተቀመጪልኝ። ስለ ጌሙ የሆነ ነገር ከጠየቁኝ ወዳንቺ አያለሁ። አዎ ከሆነ ጆሮሽን ንኪ፤ አይደለም ከሆነ አፍንጫሽን።»

እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ ደግሞ ጉዱን ልየው ብላ «እሺ» አለችው።

ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጥብቆች በቀኝ፣ ላሎች በግራ፤ የተቀመጡበትን ወንበር ለይተዋል። ሊቁ ለዚሁ የገዛውን ኮት ለብሷል። የላላው ጉንጭ እብጠቱ ገና አልጎደለም፤ «ሰ»ን ሲጠራ ያፏጫል። የኩባንያው አስተናባሪ ማይክሮፎን እያቀበለች ታከራክራቸው ጀመር። አንዱ «ጠብቆ» ይላል፣ ጭብጨባ። ሌላው «ላልቶ» ይላል፣ ጭብጨባ። ሁለቱም መጨረሻውን እንዳዩት ይናገራሉ፤ ሁለቱም የሚጠቅማቸውን ግማሽ ብቻ። ሐኪሟ ከፊት ወንበር ላይ ሆና ጆሮዋን አንዴ፣ አፍንጫዋን ሁለቴ ነካች። እንዲህ ያለ ሥራ ልሠራ ነው ወይ ሕክምና የተማርኩት ብላ አሰበች። ማዶ፣ ከላሎች ወገን ካለው የፊት ወንበር ላይ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ሰው አገጫቸውን ሲያኩ፣ ጉልበታቸውን ሲነኩ አየች። የላላው አማት መሆን አለባቸው። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ቶሎ ብለው ወደ ጣሪያ አዩ።

ከተመልካቹ ጥያቄ ተፈቀደ። ከመሀል አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ተነሣች።

«ጥያቄዬ ለሁለቱም ነው» አለች። «በማስታወቂያው ላይ ዙፋን የምትጎትተው ሴት ድልድዩ ላይ ደርሳ አንድ ነገር ስትል ትታያለች፤ ድምፁ ግን ተቆርጧል። እኔ ገና ጌሙን አላገኘሁትም፤ እናንተ ግን ጨርሳችሁታል። ምንድን ነው የምትለው?»

ሊቁ ወደ ሚስቱ አየ። ላላው ወደ አማቹ አየ። ለዚህ የሚሆን ጆሮም አፍንጫም አልነበረም። ሊቁ «ይኼ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ላላው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። የባሏ ላብ በኮቱ አንገት በኩል ሲወርድ ሐኪሟ ታየዋለች። ትንሽ ተወችው፤ አልሳሳችለትም። ከዚያ ያች ባዶ እግሯን ዙፋን የምትጎትት ሴት ትዝ አለቻት፤ ያ ሁሉ ሰው ስለ ድልድዩ ሲጮህ ሴትየዋ ያለችውን የሚነግር መጥፋቱ ከነከናት። ተነሣች።

«ደክሞኛል፤ አሳልፈኝ ነው የምትለው» አለች። ማይክሮፎን አላስፈለጋትም። «የተጫወትኩት እኔ ነኝ። እሱ ባሌ ነው፤ ከረግረጉ አላለፈም።»

ከግራ በኩል ባርኔጣ ያደረጉት ሰውዬ ቀስ ብለው ተነሡ። «ልክ ናት» አሉ። «እንዲያ ነው ያለችው። የዚህኛውንም የተጫወትኩት እኔ ነኝ።» ይህን ብለው ተቀመጡ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ አዳራሹ ሁሉ። ላላው ከመድረኩ ሆኖ ሐኪሟን በደንብ አያትና እጁን ወደ ጉንጩ ላከ።

ቤት ሲገቡ ሊቁ «አዋረድሽኝ» አላት።

«ጆሮዬንና አፍንጫዬን ነበር የፈለግኸው» አለችው። «አፌን ረሳኸው።»

ከዚህ በኋላ ቻናሉን ይዘጋል፣ ቢያንስ ለጥቂት ጊዜ ይሸማቀቃል ብላ ገምታ ነበር። ሰውን ባታውቅ ነው። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ መጋረጃውን ዘጋ፣ መብራቱን ከአገጩ ሥር አደረገ፣ «ወገኖቼ፣ ለምን አልተጫወትኩም?» አለ። ዳኛ ከባለጉዳይ ጋር አብሮ አይበላም፤ እኔም ፍርዴ እንዳይዛባ ብዬ ነው ከጌሙ የራቅሁት አላቸው። አመኑት። ተከታዮቹ በዙ እንጂ አልቀነሱም። ላላውም እንዲሁ አለ፤ እሱንም አመኑት። በዚህ ተፈላለጉና ታረቁ፤ የጋራ ቻናል ከፈቱ። አሁን የሚከራከሩት ሴትየዋ «አሳልፈኝ» ስትል «መንገድ ልቀቅልኝ» ማለቷ ነው ወይስ «አሳልፈህ ስጠኝ» ማለቷ ነው በሚለው ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ላላው እነሊቁ ቤት ይመጣል፤ አማቷ ሁለቱንም አይተው አይተው ድራማ የሚያዩበትን ቴሌቪዥን ወደ ክፍላቸው አስወሰዱ።

ሐኪሟም ጌሙን ሰብስባ ክሊኒኳ ወሰደችው። በሽተኞች የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ላይ ሰካችው። የምሳ ሰዓት ላይ በሩን ቆልፋ ትጫወታለች። የላላው አማት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያስለኩ መጥተው አዩት፤ ከዚያ ወዲህ ጥርሳቸው ተሠርቶ ካለቀም በኋላ ምሳቸውን በሳሕን ይዘው ብቅ ይላሉ። ተራ በተራ ይይዛሉ። ብዙም አያወሩም። ሽማግሌው ፈረስ ሲያስጋልቡ ኩርባ ላይ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ከዚህ በቀር ጉድለት የላቸውም።

አንድ ቀን ሊቁ ሳይጠሩት መጣ። በሩን አንኳኳ፣ ገባ፣ «ልይ ብዬ ነው» አለ። ስልኩን ኪሱ ውስጥ አድርጎታል። ሐኪሟ በአገጯ ወንበር አመለከተችው፤ ተቀመጠ። ሽማግሌው በተቃጠለ መንደር ውስጥ እየሄዱ ነበር። ከአንድ ቤት ደጃፍ ላይ የተጻፈ ነገር አለ። ሊቁ ቻለ፣ ቻለ፣ ከዚያ ወደ ፊት ተሳበ።

«እዚች ጋ ያለችው ቃል እኮ፣ ሰዎች ልብ አላሉም እንጂ...»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» አሉት።

ሊቁ ወደ ሚስቱ አየ፤ ሚስቱ ምሳዋን እየበላች ነበር። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተደገፈ። ሽማግሌው መንደሩን አልፈው ወደ ኮረብታው ወጡ፣ ከዚያም ወዲያ ያለውን ሜዳ አሳዩአቸው። ሐኪሟ ሳሕኗን አስቀምጣ ተራዋን ተቀበለች፤ እስከ ምሳ ሰዓት ማብቂያ ድረስ ሦስቱም ዝም ብለው አዩ።